ዊንዶውስንና ሊኑክስን በአንድ የቤት ኮምፒውተር ማኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው። በየቤታችን የሚገኙት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከውጭ አገልግለው የመጡ፣ 4ኛና 6ኛ ጄኔሬሽን ናቸው። ማሽኑ ደኅና ነው፤ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ፣ በነፃ የሚገኝ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ በእነዚህ ማሽኖችም ላይ ይሠራል። «ዊንዶውሴን ሳላጠፋ ሊኑክስ ልጨምርበት እችላለሁ?» የሚለው ጥያቄ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ለዘመድና ለጎረቤት ስጭን ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች የሚደጋገሙትን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

አንድ ኮምፒውተር ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንዴት ይይዛል?

ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስም ሊኑክስም አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በቀድሞዎቹ ማሽኖች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ሥራው ዲስኩን መርምሮ የማስነሻውን ቦታ ማግኘት ነው። በባዮስ ዘመን ያ ቦታ የዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ብቻ ስለነበር መጨረሻ የተጫነው ሲስተም የቀደመውን አስለቅቆ ይይዘው ነበር። በዩኢኤፍአይ ግን ለማስነሻ ፋይሎች የተለየ ትንሽ ክፋይ (ከዲስኩ ላይ ተከልሎ የተለየ ቦታ) አለ፤ በውስጡ ዊንዶውስም፣ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም የየራሳቸው ፎልደር ስላላቸው አንዱ ሌላውን ማስለቀቅ አያስፈልገውም።

አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት እንዳለ ያስቡት። የውጭ በሩ አንድ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ወደየትኛው ቤት እንደሚገቡ ይጠይቅዎታል። ይህ ዘበኛ ግረብ ይባላል፤ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ይጫናል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ለጥቂት ሰከንዶች የስም ዝርዝር ያሳያል፤ ቀስቱን ተጭነው ይመርጣሉ፤ ዝም ካሉ ከላይ ያለው በራሱ ይነሣል።

ኮምፒውተሬ አይከብደውም?

አይከብደውም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለማይሠሩ ሜሞሪም (ራም) ፕሮሰሰርም አይሻሙም፤ የሚካፈሉት የዲስክ ቦታ ብቻ ነው። ማሽኑ አሁን የሚንቀራፈፈው የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ስላለው ከሆነ ግን ሊኑክስ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ገንዘብ ካለዎት መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለውን ፈጣን ዲስክ፣ ይግዙ። የሲዲ ማጫወቻ ባላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ማጫወቻውን አውጥቶ በቦታው ሁለተኛ ዲስክ ማስገባትም ይቻላል። ዊንዶውስ በአንዱ፣ ሊኑክስ በሌላው ዲስክ ሲሆን ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ጣጣዎች ግማሹን ይገላገላሉ።

ጎን ለጎን ልጫን ወይስ ቨርቹዋል ማሽን ልጠቀም?

ቨርቹዋል ማሽን ማለት ዊንዶውስ እንደበራ በአንድ መስኮት ውስጥ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር መክፈት ነው። ቨርቹዋል ቦክስ በነፃ ይገኛል፤ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮም ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክፍያው ቀርቶለታል። ትልቁ ጥቅሙ ዲስክ መከፋፈል አለመኖሩ ነው። እንግዳው ሲስተም በሙሉ ዊንዶውስ ውስጥ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ይቀመጣል፤ ካልፈለጉት ፋይሉን ሰርዘው ይገላገላሉ። ከመሞከርዎ በፊት የማሽኑን ሁኔታ ቀርጸው ስለሚያስቀምጡም ቢያበላሹት ወደ ነበረበት ይመለሳሉ። ኔትወርክ ወይም ሰርቨር ለሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ ሦስትና አራት ኮምፒውተር በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ አገናኝቶ መለማመድ ይችላል።

ዋጋው ሜሞሪ ነው። እዚህ ሁለቱ ሲስተሞች በእርግጥ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። 4 ጊጋ ራም ካለዎት አይሞክሩት፤ ሁለቱም ይታፈናሉ። በ8 ጊጋ ለእንግዳው 3 ወይም 4 ሰጥተው ይሠራሉ፤ በ16 ጊጋ አይጨነቁም። ባዮስ ውስጥ «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚለው መብራት አለበት፤ ብዙ ማሽኖች ላይ ጠፍቶ ስለሚገኝ ቨርቹዋል ማሽኑ አልነሣም ሲል መጀመሪያ እርሱን ይዩ። ቪዲዮ ለማቀነባበርና ለከባድ ጨዋታ ቨርቹዋል ማሽን አይሆንም፤ እንግዳው የግራፊክስ ካርዱን ሙሉ ጉልበት አያገኝም።

ፕሮግራም ለሚጽፍና የሊኑክስን ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በዊንዶውስ 10ም በ11ም ውስጥ ደብሊውኤስኤል የተባለ ክፍል አለ። ክፋይም ፍላሽም ሳያስፈልግ ይጫናል፤ ለብዙ ሰው እርሱ በቂ ነው። ጎን ለጎን መጫን የሚገባው ሜሞሪው ጥቂት የሆነ፣ ዊንዶውሱ የከበደበትና ሊኑክስን የየዕለት ሥራው ሊያደርግ ያሰበ ሰው ነው።

ሳልጭነው መሞከር እችላለሁ?

ይችላሉ፤ መሞከርም አለብዎት። ሊኑክስ ከፍላሽ ተነሥቶ ዲስክዎን ሳይነካ ይሠራል። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ሩፉስ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም የወረደውን ፋይል ፍላሹ ላይ ይጽፈዋል፤ ሲጽፍ ፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አይርሱ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሲያበሩ የማስነሻ ምርጫውን ይጥራሉ፤ በዴልና በሌኖቮ በአብዛኛው ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው። ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፁ ይሰማል? ስክሪኑ በትክክል ይታያል? እነዚህን ሳያዩ ወደ መጫን አይሂዱ።

ይህ ፍላሽ ሌላም ውለታ አለው። ዊንዶውስ አልነሣም ያለ ቀን በእርሱ ገብተው ፋይልዎን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ይችላሉ። ኢንተርኔት ካፌና ፎቶ ኮፒ ቤት የሚዞር ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ሲለወጡ አይተው ይሆናል። ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛዎቹን ፋይሎች ደብቋቸው ነው እንጂ አላጠፋቸውም። ሊኑክስ ዊንዶውስ የሚያከብረውን የመደበቂያ ምልክት ስለማያከብር ፋይሎቹ ተገልጠው ይታያሉ፤ ቫይረሱም እዚያ አይሠራም። ተማሪዎች «ጠፋ» ብለው ያለቀሱበትን የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ መንገድ አውጥቼ ሰጥቻለሁ።

የትኛውን ሊኑክስ ልምረጥ?

ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ሊኑክስ ሚንት እላለሁ። የመጀመሪያው ምናሌ ከታች በግራ ነው፣ መስኮቶቹ እንደለመዱት ናቸው። ራምዎ 4 ጊጋ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ የሚንት እትም ይውሰዱ። ኡቡንቱም መልካም ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ የሚወጣው የረጅም ጊዜ እትሙ የ5 ዓመት ድጋፍ አለው። ነገር ግን ፋይሉ ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፤ ሚንት የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ጥቅል እየገዛ ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ደግሞም አንድ ሰው ያወረደውን ለአሥር ሰው መገልበጥ በሊኑክስ ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ ነው። ከጓደኛ ከወሰዱ ብቻ ቼክሰሙን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ኮድ) ከዋናው ድረ ገጽ ጋር ያስተያዩ፤ አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ጎድሏል ወይም ተነካክቷል።

ከመጀመሬ በፊት ምን ማድረግ አለብኝ?

ፋይልዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ዲ ድራይቭ ላይ መገልበጥ አይቆጠርም፤ ሲ እና ዲ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ክፋዮች ናቸው። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህ የተባለ ይመስለኛል።

ከዓመታት በፊት የአንዲት ዘመዴን ላፕቶፕ ይዤ ተቀመጥሁ። ባትሪው አርጅቶ ስለነበር የሚሠራው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ብቻ ነው። ክፋዩን ከቦታው እያንቀሳቀስኩ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ድራይቩ አልከፈት አለ። የልጇ የክርስትና ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ነበሩ፤ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ፋይል የሚያድን ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ አሠርቼ ከፊሉን አወጣሁ፤ የቀረውን ዛሬም አላገኘነውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅጂ የሌለውን ኮምፒውተር አልነካም፤ ማንም ቢለምነኝ። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ይኑር፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚይዝና የተሞላ ይሁን።

ሁለተኛው ነገር ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስኩን ባለቤቱ ሳያውቅ ቆልፈውት ሊሆን ይችላል። የማስነሻ ቅንብር ሲነካ ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉም የለም። ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ አውጥተው ወረቀት ላይ ይጻፉት።

ሦስተኛ፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ሲሉት ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በቶሎ ለመነሣት ሲል የሲስተሙን ልብ ዲስክ ላይ አስተኝቶ ያስቀምጠዋል። ሊኑክስ በዚያ ሁኔታ ያለ ድራይቭ ላይ እንዲጽፉ አይፈቅድም፤ ቢጽፉም ፋይል ይበላሻል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ በፓወር ኦፕሽንስ ሥር «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን ያጥፉት።

ምን ያህል ቦታ ልስጠው? ዲስኩንስ እንዴት ልክፈል?

ከ25 ጊጋ በታች አይሂዱ፤ ካለዎት 60 ይስጡት። ቦታውን ከዊንዶውስ ላይ መቀነስ ያለብዎት በራሱ በዊንዶውስ የዲስክ ማኔጅመንት ነው፤ የራሱን ቤት ያውቃል። ሲ ድራይቭ ላይ ቀኝ ተጭነው «ሽሪንክ» ይላሉ፤ የተለቀቀውን ቦታ ፎርማት ሳያደርጉ ባዶውን ይተዉት፤ ሊኑክሱ ሲጫን ይወስደዋል። አንዳንዴ 100 ጊጋ ባዶ እያለ 10 ብቻ እቀንሳለሁ ይላል፤ ከቦታቸው የማይነቃነቁ የሲስተም ፋይሎች ስላሉ ነው። የቨርቹዋል ሜሞሪውንና የሲስተም ሪስቶርን ፋይሎች ለጊዜው አጥፍተው እንደገና ይሞክሩ፤ ሲጨርሱ ይመልሷቸው።

አሮጌ ማሽኖች ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በቀድሞው የኤምቢአር አከፋፈል አንድ ዲስክ ከ4 ዋና ክፋይ በላይ አይይዝም። የማስነሻው ክፋይ፣ የአምራቹ ሪከቨሪ፣ ሲ እና ዲ ሲደመሩ አራቱ ሞልተዋል። አምስተኛ ልፍጠር ሲሉ ዊንዶውስ ዲስኩን ወደ «ዳይናሚክ» ልቀይረው ይላል። እምቢ ይበሉ! ከተቀየረ በኋላ ሊኑክስ መጫን ትልቅ መከራ ነው። ይልቁንስ የዲ ድራይቭን ፋይሎች ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጠው ዲ ድራይቭን ይሰርዙትና ቦታውን ለሊኑክስ ይስጡ።

የትኛው ይቅደም?

ዊንዶውስ ይቅደም። ዊንዶውስ ሲጫን ጎረቤቱን አይጠይቅም፤ የማስነሻውን ወረፋ ራሱ ይይዛል። ሊኑክስ ግን ዊንዶውስ መኖሩን አይቶ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዋል። ሊኑክስ ሲጭኑ «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» እና «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ። ሁለተኛው በእርግጥ ሁሉንም ያጠፋል። እዚያ ገጽ ላይ ጣትዎን ያቁሙና ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት አለብኝ?

ሴኪዩር ቡት ያልተፈረመ ማስነሻ እንዳይነሣ የሚከለክል የዩኢኤፍአይ ጥበቃ ነው። ለኡቡንቱ፣ ለሚንትና ለፌዶራ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ማስነሻቸው በማይክሮሶፍት የተፈረመ ነው። ጠብ አልፎ አልፎ ይነሣል፦ በኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የዊንዶውስ ማሻሻያ ሁለት ሲስተም ያላቸውን አንዳንድ ማሽኖች ሊኑክስ እንዳይነሣ አድርጎ ነበር። እንዲህ ሲገጥም ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ሊኑክሱን ማደስ መፍትሔ ነው፤ የቢትሎከሩ ቁልፍ በእጅዎ እስካለ ድረስ።

ሊኑክስ ከጫንኩ በኋላ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ጠፋ። ምን ሆነ?

አይደንግጡ፤ ዲስኩ ላይ አለ። ግረብ ከ2021 እ.ኤ.አ. እትሙ ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን መፈለጊያውን በነባሪነት አጥፍቶ ይመጣል። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ አብርተውት ዝርዝሩን ማደስ ይበቃል። በተቃራኒው ከትልቅ የዊንዶውስ ማሻሻያ በኋላ ዝርዝሩ ሳይመጣ በቀጥታ ዊንዶውስ ከተነሣ፣ ወረፋው ተቀይሯል ማለት ነው፤ ዩኢኤፍአይ ውስጥ ገብተው ሊኑክሱን ከላይ ያድርጉት።

ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይላል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ነው?

ባትሪው ደኅና ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት ዊንዶውስ የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነብበዋል፤ ሊኑክስ ግን የዓለም መነሻ ሰዓት አድርጎ ይጽፈዋል። ኢትዮጵያ ከመነሻው 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ዋሽንግተን ያለ ሰው 4 ወይም 5 ሰዓት ወደ ፊት ያያል። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ ላይ 9 ማየት ስለለመድን፣ 6 ሲልም በሐሳባችን እያሰላን ቶሎ ላናስተውለው እንችላለን። የምናስተውለው የፋይሎቹ ሰዓት ሲቀያየር ወይም ቀጠሮ ሲያመልጠን ነው። ሊኑክሱን የማዘርቦርዱን ሰዓት በአገር ሰዓት እንዲይዝ በአንድ የተርሚናል ትእዛዝ ማዘዝ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ጠቡ ያበቃል።

ፋይሎቼን ከሁለቱም በኩል አገኛለሁ?

ሊኑክስ የዊንዶውስን ድራይቭ ያነብባል፣ ይጽፍበታልም። ዊንዶውስ ግን የሊኑክስን ክፋይ አያውቀውም፤ ሲያየው «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ እሺ እንዳይሉት። የጋራ ፋይሎችን በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የፋይል አቀማመጥ) በተዘጋጀ ዲ ድራይቭ ላይ ማኖር ቀላሉ መንገድ ነው።

ዊንዶውስን ጨርሼ ብተወውስ?

ሥራዎን ይዩ። ብዙ የሂሳብ ባለሙያዎቻችን የሚሠሩበት ፒችትሪ የዊንዶውስ ብቻ ነው። ዋይን በተባለው ፕሮግራም አንዳንድ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ የድርጅት ሂሳብ ግን እኔ በእርሱ ላይ አላምንም። አውቶካድ የተባለው የንድፍ መሥሪያም እንዲሁ ለሊኑክስ አልተዘጋጀም።

አማርኛ መጻፍ ግን ሊያሳስብዎ አይገባም። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ አለ፤ የአማርኛ ኪቦርድ በሊኑክስ ቅንብሮች ውስጥ ይገኛል፤ አቢሲኒካ የተባለው ውብ ፎንትም በነፃ ይጫናል። የሚቸግረው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ የቆየ ሰነድ ነው። ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። የአባትዎ ደብዳቤ፣ የዕድሩ መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰነድ እንዲህ ተጽፎ ካለ ዊንዶውሱንና ፎንቱን ይጠብቋቸው፤ ፋይሎቹንም ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ ያዛውሩ።

ማክ ላይስ?

የኢንቴል ማኮች ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡት ካምፕ በተባለው መንገድ ዊንዶውስን ጎን ለጎን ይይዙ ነበር። ከኖቬምበር 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ አፕል በራሱ ቺፕ በሚሠራቸው ማሽኖች ላይ ይህ ቀርቷል፤ በቨርቹዋል ማሽን ብቻ ነው። ኤም1 እና ኤም2 የተባሉት የአፕል ቺፖች ላሏቸው አሳሂ ሊኑክስ የተባለ ፕሮጀክት አለ።

ሊኑክሱን ማስወገድ ብፈልግ?

ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። በዩኢኤፍአይ ማሽን መጀመሪያ ዊንዶውስን በማስነሻ ወረፋው ላይ ከላይ ያድርጉ፣ መነሣቱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ የሊኑክሱን ክፋዮች በዲስክ ማኔጅመንት ይሰርዙ። በአሮጌ ባዮስ ማሽን ግን በቅድሚያ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ገብተው የማስነሻውን ቦታ ለዊንዶውስ ማስመለስ ይገባል። ክፋዩን ቀድመው ከሰረዙት ጥቁር ስክሪን ላይ «ግረብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። ያኔም ቢሆን ፋይልዎ አልጠፋም፤ በዚያው መጫኛ ፍላሽ ይጠገናል፤ «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» የሚልዎትን ሰው አይስሙ። የተለቀቀው ቦታ ከሲ ድራይቭ ቀጥሎ ካለ «ኤክስቴንድ» ብለው ይቀላቅሉታል። በመካከል የሪከቨሪ ክፋይ ካለ ምርጫው ደብዝዞ ይታያል፤ በዚህ ጊዜ ቦታውን አዲስ ድራይቭ አድርገው ፋይል ያስቀምጡበት።